አውራው የታሰረበት ሁዳዴ

ሰኞ፣ የካቲት 13

ጾም ገባ። ይህ ደብተር የሚስቴ የንግስት ነው። ሐኪም ቤት ሳለች ነርሷ «በየቀኑ የሚሆነውን ይጻፉልን» ብላ ሰጠችኝ። ንግስትን ዓምና ቀበርኳት፣ ወረቀቱ ግን ተረፈ። ወረቀት አይጣልም። ከኋላው ጀምሬ የራሴን እጽፋለሁ። የፊቱን ገጽ አልገልጠውም።

የምጽፈው የማወራው ሰው ስለጠፋ አይደለም። የሚያወራው ሁሉ ስለማይረባ ነው።

እኔ እንዳላማው ነኝ። ልጅ ሳለሁ ዲማ ቄስ ትምህርት ቤት ሁለት ክረምት ፊደል ቆጥሬአለሁ። በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት አንደኛ ወጥቼ በቀበሌው ሰው ሁሉ ፊት ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜ አላውቅም። ይህን ከደብረ ማርቆስ ዳር ያለውን ቤትም በእጄ ነው የሠራሁት።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ትንቢት ናት፣ የልጄ የዜማ ልጅ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል። እናቷ ዓረብ አገር ስለሆነች ከእኔ ጋር ናት። ሁለተኛዋ ሳራ ናት፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየች የኮሌጅ አስተማሪ። ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ጴንጤ ስለሆነች ጾማችንን አታውቅም። ዛሬ በጾም መግቢያ ጠዋት አሥራ ሁለት እንቁላል ልትቀበለኝ መጣች።

«ልትበያቸው ነው?» አልኳት።

«ኧረ አይደለም ጋሽ እንዳላማው፣ እንደ ሁልጊዜው ለላቦራቶሪ ነው።»

ከገበያ የማትገዛው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የገበያው እንቁላል የስንት ቀን እንደሆነ፣ አውራ ይንካው አይንካው አይታወቅም። የእኔ ዶሮዎች የራሳቸው አውራ አላቸው። እንቁላሉን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ታስገባዋለች። በአሥረኛው ቀን ትሰብረውና ከጽንሱ ቁራሽ ሥጋ ወስዳ ሳህን ላይ ታሳድገዋለች። ካደገ በኋላ በሽታ ትጨምርበታለች። እኔ ሥራ የማውቀው እርሻን ነው። ይህንንም ሥራ ይሉታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

የንግስት የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነበር። ዛሬ ስሟን አስጠራሁ። ከቅጥሩ ስወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች «የዚያች በደም ያለቀችው ምስኪን ባል ነው» ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ምስኪን ያሉት እሷን ይሁን እኔን አላጣራሁም።

ከሰዓት ትንቢት ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ይፈርሙልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ክትባት ነው። የሴት ልጆች።»

«አንብቢው።»

አነበበችው። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ። ዕድሜያቸው አሥራ አራት ለሆነ ሴት ተማሪዎች። ሐሙስ መጋቢት 28 በትምህርት ቤቱ ግቢ። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈርሞ ይስጥ። ስታነብ ድምፅዋ ቁርጥ አያቷን ነው።

«የሚያምሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ያላመመው ሰው መርፌ ይወጋል?»

«እማማ የሞተችበት እኮ ነው አባባ።»

ተቀብዬ አጠፍኩና እዚህ ደብተር መሐል ከተትኩት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ማሕፀን ትምህርት ቤትን ምን አገባው። አልፈርምም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 18

ጎረቤቴ አንሙት መጣ። «አያ እንዳላማው፣ እንዳትፈርም። መርፌው ያመክናል።»

«ከየት ሰማህ?»

«ስልክ ላይ ነዋ።»

ይህ ሰው በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ድንበሬን እየገፋ ያርሳል። ስጮህበት «በሬው ነው» ይላል። የእሱ ምክርና የእኔ ሐሳብ አንድ መሆኑ አበሳጨኝ። ሐሳቤን ግን ለእሱ ብዬ አልቀይርም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 21

ዜማ ከዓረብ አገር ደወለች። ድምፁ እየተቆራረጠ ምኑም አይሰማም ነበር። «አባዬ ፈርምላት» የሚለው ብቻ ጥርት ብሎ መጣ። ስልኩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት።

ትንቢት ሳህን አቀረበችልኝ። አላየችኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 27

ለሳራ እንቁላሏን ስሰጥ ነገር አመጣች። ትንቢት ነግራታለች። የዚህ ቤት ወሬ በግድግዳ ያልፋል።

«ጋሽ እንዳላማው፣ ያንን የትንቢትን ወረቀት...»

«አንቺ እንቁላልሽን ውሰጂ።»

«እኔ እኮ በዶሮ የማየው እሱኑ ነው። ደህና የነበረ ሕዋስ ቫይረስ ሲገባበት ካንሰር የሚሆንበትን። ክትባቱ ቫይረሱን አስቀድሞ ነው የሚከለክለው።»

ሕዋስ ትላለች። በደርግ ጊዜ ሕዋስ ማለት ሰው የሚያሳስር ስብሰባ ነበር። አሁን ደግሞ በዶሮ ሥጋ ውስጥ ገባ።

«ሚስቴ ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት» አልኳት። «ይሄ የምትይው ቫይረስ የት ያገኛታል?»

እንቁላሎቹን ቅርጫቱ ውስጥ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው።

«ንገሪኝ እንጂ፣ የተማርሽ አይደለሽ?»

«በግንኙነት ነው ጋሽ እንዳላማው። ባልና ሚስት...»

አላስጨረስኳትም። በደጄ ቆማ ሚስቴን በመቃብሯ ሰደበችብኝ። «እሷን ነው የምትሰድቢ?» አልኳት።

«እሳቸውን አላልኩም» አለች። ቅርጫቷን አንጠልጥላ ሄደች።

እሳቸውን አላልኩም። ታዲያ ማንን?

ማክሰኞ፣ የካቲት 28

አውራውን አሰርኩት። እግሩን በገመድ አስሬ ጓዳ አስገባሁት። ለፋሲካ ነው። ንግስትም ታስር ነበር፣ ሳይሮጥ ጥሬ እየበላ እንዲሰባ። እሷ የምታስረው ከደብረ ዘይት በኋላ ነው። እኔ ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ቀደምኩ። የራሴ ዶሮ ነው፣ ባሻኝ ቀን አስራለሁ።

ሴቶቹ ያለ አውራ ይጥላሉ። እንቁላሉን ላዩን አይቶ የሚለይ የለም።

ለሳራ አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 4

አሥራ ሁለት ሰጠኋት። አመሰገነችኝ። አውራው ጓዳ ሆኖም ጎሕ ሲቀድ ይጮኻል፣ ስለዚህ አውራ እንዳለ ታምናለች። እኔ አልዋሸሁም። እሱ ነው የሚዋሽልኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ሳራ ጓሮ ልብስ እያጠበች «ጋሽ እንዳላማው፣ የሰኞዎቹን ትናንት በባትሪ ብርሃን አየኋቸው፤ አሥራ አንዱ ሕይወት ይዘዋል» አለችኝ።

አልገባኝም። አውራውን ካሰርኩት ሰኞ ስድስት ቀኑ ነበር። ዶሮ የሴት ሥራ ነው። ንግስት ብትኖር ታውቀው ነበር። እንደ ዋዛ አድርጌ ጠየቅኳት፤ «አውራ ቢሞት እንቁላሉ ወዲያው ባዶ ይሆናል?»

«አይሆንም። የአውራው ዘር በዶሮዋ ሆድ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። እሱ ከሄደም በኋላ ሥራው አለ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። ለምን እንደከፋኝ አላውቅም። እራት አልበላሁም።

እሑድ፣ መጋቢት 10፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ መልስ ድንበሩን በክንዴ ስለካ አንሙት መጣ።

«አያ እንዳላማው፣ ለአንድ ክንድ መሬት በሰንበት?»

«ክንዱ የእኔ ነው።»

«አሁንስ ዶሮ ጠባቂ ሆነሃል አሉ። በበሬ ነጋዴነትህ ዘመን ጉንደ ወይን ላይ አውራው አንተ አልነበርክ?» ብሎ ሳቀ።

ትንቢት ውኃ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ከዘራዬን አነሳሁ። ሮጠ። በደህናው ጊዜ ቢሆን አያመልጠኝም ነበር።

ትንቢት «ጉንደ ወይን ምንድን ነው አባባ?» አለች።

«ከተማ ነው።»

ሰኞ፣ መጋቢት 18

አሥራ ሁለት። ሳራ ቸኩላለች። ከፋሲካ በፊት ለሚገመግሟት ሰዎች ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ውጤት ማሳየት አለባት። ሁለቱ ደርሷል። ሦስተኛው ከዛሬዎቹ ነው። ነገረችኝ፣ እኔም ሰማሁ። አውራውን ካሰርኩት ሃያ ቀኑ ነው።

መናገር እችል ነበር። አፌ ጥሬ የሞላው ይመስል ዝም አልኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 23

አሥራ ሁለቱም ባዶ።

ሳራ ሥራዋ ባይሆንም ዕቃ ስትፈታ ዋለች። ማሞቂያ ሣጥኑን በባጃጅ አስጭና አምጥታ ደጇ ላይ ፈታችው፣ ገጠመችው፣ ደግማ ፈታችው። ሙቀት መለኪያውን ብብቷ ውስጥ ከታ ታያለች። «ማሞቂያው ነው ከዳኝ» አለችኝ። እኔ ቆሜ አየሁ። መፍቻም አቀበልኳት።

ማታ በግድግዳው በስልክ ስትናገር ሰማሁ። «አለቃዬ አንቺ ለዚህ ሥራ አልበሰልሽም አለኝ። ልክ ነው መሰለኝ። የእኔ ጥፋት ነው።»

የእኔ ጥፋት ነው አለች። ሁለት ጊዜ።

እሑድ፣ መጋቢት 24፣ ኒቆዲሞስ

ቄሱ ወንጌሉን ተረጎሙ። ኒቆዲሞስ የሚባለው ሽማግሌ አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። ሰው እንዳያየው በጨለማ ሄዶ ጠየቀ። ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ይወለዳል ብሎ። አሁን ይሄ ሽማግሌ የሚጠይቀው ነገር ነው?

ቢሆንም በጨለማ መሄዱ አልጣመኝም። የሚጠይቅ ሰው በቀን ይሂድ።

ሰኞ፣ መጋቢት 25

አውራውን ፈትቼ በብብቴ ይዤ በእግሬ ኮሌጅ ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ ከለከለኝ።

«አባቴ፣ ዶሮ ይዞ መግባት አይቻልም።»

«በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ሲገባ የት ነበርክ?»

«ዶሮ?»

«በእንቁላል መልክ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳራን አስጠራት። ነጭ ካፖርት ለብሳ እየሮጠች መጣች፣ ትንቢት አንድ ነገር የሆነች መስሏት። ዶሮውን አሳየኋት።

«ማሞቂያሽ ደህና ነው። ይሄ ነበር የታሰረው።»

«መቼ ነው ያሰሩት?»

«በየካቲት 28።»

በጣቷ ቆጠረች። ፊቷ ተለወጠ። «ሲሰጡኝ፣ ስቀበልዎት... አውቀው ነው?»

«ለፋሲካ ነው።»

«ጋሽ እንዳላማው። አውቀው ነው?»

«አዎ» አልኩ። ከሰው ፊት አዎ ካልኩ ስንት ዓመቴ ነው።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው ይምጡ፣ ያበላሹትን ሥራ ይዩት» አለችና ፊት ፊት ሄደች። ዶሮውን ዘበኛው ከወንበሩ እግር ጋር አሰረው።

ላቦራቶሪው የመድኃኒት ሽታ አለው። እንደዚያኛው ሐኪም ቤት። ካፖርትና ጓንት አለበሰችኝና ከአጉሊ መነጽሩ ጋር የተያያዘ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠችኝ። «ምንም እንዳይነኩ።» ሁለት የስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ ሳህኖች አመጣች፣ ከእኔው እንቁላል የበቀሉ።

በመጀመሪያው ቀጫጭን ረጃጅም ነገሮች አየሁ። እንደ ታጨደ ስንዴ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«እነዚህ ጤነኞቹ ናቸው። ቦታው እስኪሞላ ይባዛሉ። ጎረቤታቸውን ሲነኩ ይቆማሉ።»

«ማን ቁሙ አላቸው?»

«ውስጣቸው የተጻፈ አለ።»

ሁለተኛውን አስገባች። የታጨደው ስንዴ መሐል መሐሉን ተረብሿል። እዚያ ያሉት ክብ ክብ ሆነው አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ እንደ ባቄላ ተከምረዋል። ይሄኛው ቫይረስ ከገባበት ሰባት ቀኑ ነው አለች። ሲነካኩ አይቆሙም። ድንበር የላቸውም። አንሙት ትዝ አለኝ። ቀጥሎ ትዝ ያለኝን አልጽፍም።

«ቫይረሱ የታለ?»

«በዚህ መነጽር አይታይም። ገብቶ የራሱን ጽሑፍ በሕዋሱ ጽሑፍ መሐል ጨመረበት። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ያንንም አብሮ ይገለብጠዋል። ልጆቹም፣ የልጆቹም ልጆች።»

ይሄ ገባኝ። ዲማ ሳለሁ አንድ ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንድ መስመር ሳተ። መምህሩ ብራናውን አንስተው «ከዚህ የሚገለብጥ ሁሉ ይስታል፣ መሳቱንም አያውቅም» አሉት። እንደዚያ ነው ወይ አልኳት። እንደዚያ ነው አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አየችኝ።

«ያንን የጨመረውን ቃል ከየት አመጣው?»

«የሚገርመው እሱ ነው። ከዶሮ ከራሷ ነው። ድሮ ከዶሮ ሕዋስ ሰርቆት ወጣ። እቤቱ ሳለ ልክ ያለው ሥራ ነበረው። ቫይረሱ አበላሽቶ፣ ልኩን አሳጥቶ መልሶ አስገባው።»

ይህን ስትል ሳህኑን እያየች ነበር። እኔን ብታይ ኖሮ ተነሥቼ እወጣ ነበር።

«የሴቶቹም ይሄው ነው?»

«አይደለም፣ የዶሮው ሰው አይዝም። የሰዉ ሌላ ቫይረስ ነው፣ መንገዱም ሌላ ነው። እሱ ሕዋሱን ቁም የሚሉትን ጠባቂዎች ነው የሚያፈርሰው። መጨረሻቸው ግን ይሄው ክምር ነው።»

«ሰው ላይ ስንት ጊዜ ይቀመጣል?»

«ብዙውን ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ያልጠፋው አሥር ዓመት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሃያም። ከዚያም በላይ።»

«ያመጣው ሰው ያውቃል?»

«ወንዶቹ ብዙ ጊዜ አያውቁም። አያማቸውም።»

አያማቸውም።

ስወጣ «ሁለቱን ውጤት ይዤ እቀርባለሁ፣ ሦስተኛውን እነሱ ካልታገሱኝ ይቀራል» አለች። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። አውራውን ለቀቅኩት። ፋሲካ ያለ እሱ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 26

ምንም አልሠራሁም። ትንቢት እስከ ዛሬ ጠበቀች። «ተነገወዲያ ነው አባባ።» አውቃለሁ አልኳት። ቀን መቁጠር የምታስተምረኝ መሰላት።

ብፈርም ምስክርነት ነው። ንግስትን የገደላት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብሎ እንደ መፈረም ነው። ካወቅኩ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ማን ይጠይቀኛል? ማንም። እንግዲያ ምን ያስፈራኛል? አልፈራሁም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም

ይህን ለማንም ብዬ አልጽፈውም።

በ1987 በሬ እነግድ ነበር። ጉንደ ወይን ገበያ የዋለ ሰው ማደሩ አይቀርም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ሰው የሚያውቀው ቤት ያድራል። የእኔ ማደሪያ ታየች የምትባል ሴት ቤት ነበር። ጠላ ትሸጣለች። አራት ዓመት ነው። ነጋዴው ሁሉ እንዲሁ ነበር። በ1991 ተውኩት፣ ማንም ተው ሳይለኝ። መተዌን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር።

ንግስት መጀመሪያ ደም ያየችው በ2010 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሳራ ሃያም አለች።

ታየች መሞቷን መርጡለ ማርያም ገበያ ላይ ሰምቻለሁ። «በሴት በሽታ» አሉ። የበሬ ጥርስ እያየሁ ነበር። ማየቴን አላቆምኩም።

ሌላም አለ። በ2008 የጤና ሠራተኛዋ በየቤቱ እየዞረች እናቶች ለምርመራ ይምጡ አለች። ከመታመማቸው በፊት ይታያል አለች። ንግስት የክት ነጠላዋን ለብሳ እዚህ በር ላይ ቆመች። «ልሂድ?» አለችኝ። «ለወንድ ሐኪም ልትገለጪ?» አልኳት። ነጠላውን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ መለሰችው። ሴት ሐኪም ትኑር አትኑር አልጠየቅኩም። ከፍርሃት አልነበረም። ከክብር ነበር። የማን ክብር እንደነበር አሁን ግራ ገባኝ።

ዛሬ የደብተሩን ፊት ገለጥኩት። የራሴ እጅ ነው።

«ጥር 3። ደም፣ ብዙ። ጥር 4። ደም። ጥር 5። ደም፣ አራት ጨርቅ። ጥር 6። ትንሽ ቀነሰ። ጥር 7። ደም።»

እንዲህ እያለ ሦስት ገጽ ይሄዳል። ነርሷ ዕለቱን ጻፉ ስላለችኝ መጨረሻውንም ጽፌዋለሁ። «የካቲት 9። ቆመ።»

ደሙን ነው ያልኩት። የቆመችው እሷ ነበረች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 28

ጠዋት ትንቢት ቀድማ ወጣች። ወረቀቱን ደብተሩ መሐል ፈለግኩት። ለምን እንደፈለግኩት አልጽፍም። የለም። ገልጬ አራገፍኩት። የለም።

ደብተሩን ነክታለች። የነካ ሰው ያነባል።

ከዘራዬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተዋል፣ ሁለት ነርሶች አሉ፣ ልጃገረዶቹ ተሰልፈዋል። ትንቢት ከሰልፉ ውጪ ለብቻዋ ቆማለች። የግራ እጅጌዋን ጠቅልላ መሬት መሬት ታያለች። ርእሰ መምህሩ አቶ የሽዋስ ወረቀት ይዞ አጠገቧ ነበር።

«እንኳን መጡ አባቴ» አለኝ። «ይህን ፊርማ ስለተጠራጠርን ነው ያቆምናት። የእርስዎ ነው?»

ተቀብዬ አየሁት። ስሜ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ፣ እንደ አሮጌ አጥር ወደ ግራ ያዘነበሉ። እኔ ብዕር ስጫን ወረቀቱ ይወጋል፣ እሷም ወግታዋለች። ይሄ ልጅ ስንት ቀን ተለማመደችው? በዕድሜዬ ስሜን በእኔ ፋንታ የጻፈ ሰው የለም። ወንድ ቢሆን በከዘራ እለዋለሁ።

ልጃገረዶቹ ሁሉ ያያሉ። ነርሷ መርፌውን ይዛ ትጠብቃለች። ትንቢት ቀና አለችና አየችኝ። ያነበበች ሰው ዓይን ነው። አልለመነችኝም።

«አባቴ፣ የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?»

«የማን ሊሆን ኖሯል? አንተ ሳትወለድ ነው ይሄን ስም መጻፍ የጀመርኩ። የእኔ ነው።»

«አይቆጡ፣ ልጆች አንዳንዴ...»

«የእኔ ነው አልኩህ። ልጅቷን አታቁማት።»

ወጓት። ነርሷ «ጎበዝ ናት» አለችኝ። ጎበዝ መሆኗን ከእሷ አልሰማም። ጥጡን ትንቢት ራሷ ይዛ ወጣች።

መንገድ ላይ የአንሙት እርሻ ጋ ስንደርስ «አባባ» አለች።

«ዝም በይ።»

«ደብተሩን...»

«ዝም በይ ብዬሻለሁ።»

የእኛ በር ላይ ስንደርስ፣ «እማማ ታውቅ ነበር?» አለች።

በሩን ከፈትኩላት። አላውቅማ። ሣጥን ከፍታ ነጠላዋን ስትመልስ ፊቷን አላየሁትም።

ሳራ ጓሮ ነበረች። የትንቢትን ክንድ አየች፣ እኔን አየች። አፏን ከመክፈቷ በፊት «ሰኞ እንቁላል አለ፣ አውራው ተፈቷል፣ እንቁላሉ ሕይወት ለመያዝ ጥቂት ቀን ይፈልግ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ» ብያት ገባሁ።

ይህን ጨርሼ የደብተሩን ፊት ገለጥኩት። ከየካቲት 9 ሥር ባዶ መስመር አለ። ጻፍኩበት።

«ትንቢት። መጋቢት 28። ግራ ክንድ። ደም፣ አንዲት ጠብታ። ቆመ።»

ደብተሩን ወደ ነበረበት ሣጥን መለስኩት። አልቆለፍኩበትም።